ከትንሽ ልጅ ጋር ነፍሳትን ፎቶ ማንሳት፦ የወላጆች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የአምስት ዓመት ልጄን አዲስ አበባ ውስጥ ወዴት፣ በስንት ሰዓት ልውሰዳት?

መልስ፦ አስቀድሜ የምመክርዎ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልን ነው፤ አገር በቀል ዕፅዋት ስለሚበዙበት ቢራቢሮውም ንቡም ጥንዚዛውም አይታጣም። የእንጦጦ ፓርክም መልካም ነው። ነፍሳት የሰውነታቸውን ሙቀት የሚያገኙት ከአካባቢያቸው በመሆኑ በብርድ ማለዳ ለመብረር ይቸገራሉ፤ ስለዚህ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አካባቢ ቢራቢሮዋ ክንፏን ዘርግታ ፀሐይ ስትሞቅ ይደርሱባታል። እኩለ ቀን ላይ ግን ብርሃኑም ይበረታል፣ እነርሱም አንድ ቦታ አይረጉም። ከወራት ሁሉ የምወደው አደይ አበባ የሚፈነዳበትን መስከረምን ነው።

ጥያቄ፦ ያለኝ ተራ የእጅ ስልክ ነው፤ ይበቃል?

መልስ፦ ይበቃል። በጣም ካስጠጉት ምስሉ ስለሚደበዝዝ ጥቂት ራቅ ብለው ያንሱና በኋላ ዙሪያውን ይቁረጡት። በካሜራ የሚያነሱ ደግሞ የመዝጊያውን ፍጥነት፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ፣ 1/500 ሰከንድ ወይም ከዚያ ያጠረ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ልጄ ስትጠጋ ሁሉም ይበርራሉ፤ እርሷም ቶሎ ትሰለቻለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሥራውን ይካፈሉ። የልጅ ዓይን ለሣሩና ለቅጠሉ ሥር ቅርብ ስለሆነ ፈላጊዋ እርሷ ትሁን፣ ስልኩንም አስቀድመው ለእርሷ ይስጧት፤ ወላጅ የራሱን ፎቶ ሲያስቀድም ልጅ ቆሞ ጠባቂ ይሆናልና መሰልቸቱ አያስደንቅም። ነፍሳትን ከሚያባርሯቸው ነገሮች ዋናዎቹ ድንገተኛ እንቅስቃሴና ጥላ ናቸው፤ ስለዚህ ጥላችሁ በነፍሳቱ ላይ እንዳያርፍ ከጎን በኩል በዝግታ ቀርባችሁ ተንበርከኩ። ያን ጊዜ ፎቶው ከላይ ወደ ታች የታየ ሳይሆን ፊት ለፊት የተያየ ይሆናል። አንድ ቦታ ላይ መቆየት አበባ ለአበባ ከመሯሯጥ ይሻላል፤ ንብ ስትሄድ ሌላዋ ትመጣለች። እየጠበቃችሁ እግር አስቆጥሯት፤ ስድስት ከሆነ ነፍሳት ነው፣ ስምንት ከሆነ ሸረሪት ነው፣ ሸረሪት ደግሞ ከነፍሳት ወገን አይደለችም።

ጥያቄ፦ ምን እንጠንቀቅ?

መልስ፦ የአባ ጨጓሬ ጠጉር ቆዳ ስለሚያሳክክ በእጅ አይነካም። የገብረ ጉንዳን ሰልፍ ባለበት አትቁሙ፤ ከንብ ቀፎ መግቢያ ፊት ለፊትም እንዲሁ። ንብ ከነደፈቻት መውጊያውን ሳይዘገዩ ያውጡት፤ ፊቷ ካበጠ ወይም መተንፈስ ካስቸገራት ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ይውሰዷት። ሳማም ያቃጥላል፤ ሆኖም እንቁላላቸውን በላዩ የሚጥሉ ቢራቢሮዎች ስላሉ እጅ ሳያስገቡ ቢመለከቱት ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ቢራቢሮውን በጠርሙስ ይዘን ቤት ብናነሳውስ?

መልስ፦ እባክዎ አያድርጉት። በክንፏ ላይ ዱቄት የሚመስለው ነገር ጥቃቅን ቅርፊት ነው፤ በጣት ሲነካ ይረግፋል፣ ከረገፈም ዳግመኛ አይበቅልም።