ጨለማው ጂኑን ቀየረው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አራት ኪሎ ነው። በረንዳችን ላይ በጣሳ የዘራሁት ጎመን ደንዳናና አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ከዚያው ዘር ጓዳ ውስጥ የተረሳው ግን ገርጥቶና ቀጥኖ ወደ ላይ ተመዟል። የ11ኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ «ጨለማው ጂኑን ቀይሮት ነው» ትላለች። እውነት ነው?

መልስ፦ እህታችን፣ ልጅዎ ጥሩ ቦታ ነክታለች፣ ግን ጂኑ አልተቀየረም። ሁለቱም ጎመኖች ከዘሩ ይዘውት የመጡት ዲኤንኤ እንዳለ ነው። የተቀየረው አነባበቡ ነው።

ተክል ብርሃንን የሚለይባቸው ፋይቶክሮምን የመሳሰሉ ፕሮቲኖች አሉት፤ እነሱ ጂኖችን ያበራሉ፣ ያጠፋሉ። የእርስዎ ጎመን የተመዘዘውም በዋናነት በዚህ መንገድ ነው። ይሄ ትምህርት ቤትም ይነገራል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው።

ጂን ሲነበብ መጀመሪያ አርኤንኤ የሚባል ረጅም ቅጂ ይወጣል። ከውስጡ አንዳንዱ ክፍል ተቆርጦ ይጣላል፣ የቀረው ይቀጠላል። ፊሊፕ ሻርፕና ሪቻርድ ሮበርትስ እ.ኤ.አ. በ1977 ይህን ደርሰውበት በ1993 ኖቤል ተሸልመዋል። የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት ሲደረግ ያስቡት፦ ቀረጻው አንድ ነው፣ እንደ አቆራረጡ ግን የተለያየ ፊልም ይወጣዋል። ከአንድ ጂንም የተለያየ ፕሮቲን ሊሠራ ይችላል፣ አንዳንዴ ደግሞ ምንም ፕሮቲን የማይሠራ ቅጂ ይወጣል።

ብርሃን እዚህ አቆራረጥ ውስጥም እጁን ያስገባል! ቦነስ አይረስ የሚገኘው የአልቤርቶ ኮርንብሊት ቡድን ከአጋሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ጥናት አረቢዶፕሲስ በምትባል የጎመንና የሰናፍጭ ዘመድ ላይ የተሠራ ነው። አርኤስ31 የሚባለው ጂን ብርሃን ሲያገኝ ፕሮቲን የሚሠራው ቅጂ ይበዛል፣ ጨለማ ውስጥ ደግሞ ፕሮቲን የማይሠሩት ረጃጅሞቹ ይበዛሉ። ፋይቶክሮም የጎደላቸው ተክሎችም ይህን ምላሽ አላጡም። ፎቶሲንተሲስን (ተክሉ በብርሃን ምግቡን የሚሠራበትን ሂደት) የሚገታ ኬሚካል ለተክሎች ሲሰጥ ግን መብራቱ እየበራም ልዩነቱ ጠፋ፤ ስለዚህ ወሬውን ጂኖቹ ወዳሉበት ኒውክለስ የሚልከው ፎቶሲንተሲስ የሚካሄድበት የሴሉ ክፍል፣ ክሎሮፕላስት ነው ማለት ነው። ሥር እንኳ ከቅጠሉ ጋር እስከተያያዘ ድረስ ምላሽ ይሰጣል፣ ከተለየ ግን ያቆማል።

ታዲያ ብርሃን መቁረጫው ጋ እንዴት ይደርሳል? እ.ኤ.አ. በ2019 ከዚያው ቡድን የወጣው መልስ ፍጥነት ነው። ጂኑን የሚገለብጠው ፖሊመሬዝ በብርሃን ይፈጥናል፣ በጨለማ ይዘገያል፤ ሲዘገይ ደግሞ አርኤንኤውን የሚቆርጠው የሴሉ መሣሪያ የት ጋ እንደሚቆርጥ ለመምረጥ ሌላ ጊዜ ያገኛል፣ አቆራረጡም ይለወጣል። ይሄ ብቻ ነው መንገዱ ማለት ግን አይደለም፤ የጃፓን ተመራማሪዎች ፋይቶክሮምም በቀይ ብርሃን አቆራረጥን እንደሚለውጥ አሳይተዋል።

ለልጅዎ እንዲህ ይበሏት፦ ጨለማው ጂኑን ሳይነካ ከጂኑ የሚወጣውን ቀይሯል። ጎመኑን ደግሞ አይጣሉት። የተመዘዘው ግንድ አያጥርም፣ አዲሱ ቅጠል ግን አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። በአንዴ የቀትር ፀሐይ ላይ አያውጡት እንጂ፣ መጀመሪያ መስኮት ሥር ያቆዩት።