ጥያቄና መልስ፦ ከራውተሩ ለራቀ ኮምፒውተር የትኛው የዋይፋይ አዳፕተር?

ጥያቄ፦ ራውተሩ ሳሎን ነው፤ ዴስክቶፕ ኮምፒውተሬ ግን ከሁለት ግድግዳ ወዲያ፣ 15 ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ኮምፒውተሩን ከዋይፋይ የምታገናኝ፣ ጥፍር የምታክል የዩኤስቢ አዳፕተር ገዝቼ ከጀርባው ሰካሁ። ሲግናሉ አንድ መስመር ብቻ ነው፣ ቶሎ ቶሎም ይቋረጣል። ማሸጊያው ላይ «ኤሲ 600» ይላል። «ኤሲ 1300» የሚለውን ብገዛ ይሻላል? ወይስ ውስጥ የሚገጠመውን ካርድ?

መልስ፦ ማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥር ስለ ርቀት ምንም አይነግርዎትም። 600 የተባለው የሁለት ባንዶች (የሬዲዮ ሞገድ ክልሎች) ከፍተኛ ፍጥነት በሜጋቢት በሴኮንድ ሲደመር ነው፤ 150 በ2.4 ጊጋኸርዝ፣ 433 በ5 ጊጋኸርዝ፣ ከዚያ ወደ ላይ ተጠጋግቶ። 1300ውም 400 እና 867 ተደምረው ሲጠጋጉ ነው። አዳፕተሩ ግን በአንድ ጊዜ የሚገናኘው በአንዱ ባንድ ብቻ ነው። 1300ው የሚሻልበት እውነተኛ ምክንያት ብዙውን ጊዜ ሁለት አንቴና ስላለው ነው፤ ደካማ ሲግናል ሲመጣ ሁለቱ የተቀበሉትን አጣምሮ ይጠቀማል።

የእርስዎ ችግር በዋናነት አዳፕተሩ የተሰካበት ቦታ ይመስላል። ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሲሆን በአንድ በኩል የብረት ኬዝ፣ በሌላ በኩል ግድግዳ ይጋርደዋል። ውስጡ ያለው አንቴናም በጣም ትንሽ ነው። በዚያ ላይ ሰማያዊው የዩኤስቢ 3 ቀዳዳና እሱ ላይ የተሰካ ሃርድ ዲስክ ሲሠሩ የሚረጩት የሬዲዮ ረብሻ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ያርፋል። ዲስኩ ፋይል ሲገለብጥ ዋይፋዩ የሚቋረጥ ከሆነ ጥፋተኛውን አገኙት ማለት ነው።

ስለዚህ አዲስ ከመግዛትዎ በፊት የ1 ወይም የ1.5 ሜትር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ያግኙና አንዱን ጫፍ ዩኤስቢ 2 ቀዳዳ ላይ ሰክተው፣ አዳፕተሩን በሌላኛው ጫፍ ጠረጴዛው ላይ፣ ከተቻለም መደርደሪያ ላይ ያድርጉት። ብዙ ጊዜ ጉዳዩ እዚሁ ያልቃል።

ካላለቀ ይለኩ። የሲግናል ጥንካሬን በዲቢኤም የሚያሳይ መተግበሪያ አንድሮይድ ስልክ ላይ ይጫኑና ስልኩን አንዴ ከኬዙ ጀርባ፣ አንዴ ጠረጴዛው ላይ ያድርጉት። ቁጥሮቹ ከዜሮ በታች ስለሆኑ ወደ ዜሮ የቀረበው ይበልጣል። ከዜሮ በታች 67 ወይም የተሻለ ከሆነ ቪዲዮ ያለ ችግር ያሳያል፤ 75 ላይ መንተፋተፍ ይጀምራል፤ ከ80 ካለፈ ግንኙነቱ አይጸናም። ጠረጴዛው ላይ 65 እያሳየ ኮምፒውተሩ የሚቸገር ከሆነ አዳፕተር መቀየር ያዋጣል። ጠረጴዛውም ላይ 82 ከሆነ ግን የትኛውም አዳፕተር ተአምር አይሠራም፤ ራውተሩን ወደ ቤቱ መሃል ማምጣት ወይም የኔትወርክ ገመድ መዘርጋት ይሻላል። ገመዱ እስከ 100 ሜትር ድረስ ፍጥነት አይቀንስም።

የሚገዙ ከሆነ ሁለት የውጭ አንቴና ያለው፣ ከማስቀመጫና ከገመድ ጋር የሚመጣ የዩኤስቢ አዳፕተር ይምረጡ። ውስጥ የሚገጠመው ፒሲአይ ኤክስፕረስ ካርድም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አንቴናዎቹ ቀጥታ ከጀርባው የሚጠመዘዙ ከሆነ ወደዚያው የብረትና የግድግዳ ጥግ ተመለሱ። አንቴናው በገመድ ተስቦ ጠረጴዛ ላይ የሚቆመውን ይፈልጉ። የአንቴና ገመድ ግን በረዘመ ቁጥር ሲግናል ይበላል፤ ከአንድ ሜትር ብዙ አይለፉ። የዩኤስቢ ማራዘሚያ የሚያሳልፈው ዳታ ስለሆነ ይህ ችግር የለበትም።

«ባለ ከፍተኛ ኃይል» የሚለውን ማስታወቂያ በጥርጣሬ ይዩት። የማሰራጫ ኃይል በሕግ የተገደበ ነው፤ አዳፕተሩ ቢጮህ ደግሞ የራውተሩ ድምፅ ለእርስዎ አይጎላም። ጥሩ አንቴና ግን መስማትንም መናገርንም ያሻሽላል። ሲያቆሙት ቀጥ ይበል። ጫፉን ወደ ራውተሩ የሚያነጣጥሩ ብዙዎች ናቸው፤ ሲግናሉ ግን ከጎኑ እንጂ ከጫፉ አይወጣም።

ጥያቄ፦ አዲሱ አዳፕተሬ 5 ጊጋኸርዝም ይይዛል። የትኛውን ባንድ ልጠቀም?

መልስ፦ ከሁለት ወፍራም ግድግዳ ወዲያ 2.4 ይሻላል፤ 5 ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ በቶሎ ያዳክመዋል። 6 ጊጋኸርዝ ደግሞ ግድግዳ የማለፍ አቅሙ ከዚያም ያንሳል፤ ለርቀት ብለው ውድ አዳፕተር አይግዙበት። ዊንዶውስ ላይ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ አዳፕተሩን ከፍተው «አድቫንስድ» በሚለው ገጽ «ፕሪፈርድ ባንድ» የሚል ካለ 2.4ን ይምረጡ። ሁሉም ድራይቨር (አዳፕተሩን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ይህን አያሳይም፤ ከሌለ ራውተሩ ላይ ለሁለቱ ባንዶች የተለያየ ስም ይስጡ። ጎረቤት የበዛበት ሕንፃ ከሆነ ራውተሩን ከቻናል 1፣ 6 እና 11 ባነሰ ሰው በተያዘው ላይ፣ ስፋቱን 20 ሜጋኸርዝ አድርገው ያቁሙት። 40 ሜጋኸርዝ በዚህ ባንድ ላይ ረብሻን ከመሰብሰብ ያለፈ ጥቅም እምብዛም የለውም።

ጥያቄ፦ ሰካሁት፤ ኮምፒውተሩ ግን አያውቀውም። ኢንተርኔት ስለሌለኝ ድራይቨር ማውረድም አልቻልኩም።

መልስ፦ ስልክዎን በዩኤስቢ ገመድ ያገናኙና ከስልኩ ቅንብር የዩኤስቢ ኢንተርኔት ማጋራትን ያብሩ፤ ድራይቨሩን በዚያ ያውርዱ። አንዳንድ አዳፕተር መጀመሪያ ራሱን እንደ ሲዲ ያሳያል፤ ድራይቨሩ እዚያው ውስጥ ነው፣ ከፍተው ይጫኑት። ሊኑክስ ለሚጠቀሙ ግን ምርቱን ሳይሆን ቺፑን ያጣሩ፤ ድራይቨሩ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ሶፍትዌር) ውስጥ ያለውን ይግዙ፣ አለዚያ ከርነሉ በታደሰ ቁጥር እንደገና መጫን ይመጣል። ከተሠራ በኋላ የድሮውን አዳፕተር ከዲቫይስ ማናጀር ያጥፉት፤ ሁለቱ አብረው ከበሩ ኮምፒውተሩ በደካማው ሊገናኝ ይችላል። በአዲሱ «ፓወር ማኔጅመንት» ገጽ ላይ ደግሞ ኃይል ለመቆጠብ እንዲጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት ያንሱ።