«ሥጋዬ እኔ አይደለሁም» ላልሽው እህቴ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፍልስፍና ስንማር ዴካርትን አነበብን። ሰው ማለት የሚያስበው ነፍስ ነው፣ ሥጋ እንደ ማሽን ነው ይላል። በስብከትም «ሥጋ ጠላት ነው» ሲባል ስለምሰማ ልክ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ስግደት ትቻለሁ። እግዚአብሔር የሚያየው ልብን አይደል?

መልስ፦ እህቴ፣ ስግደቱን ከመተውሽ ይልቅ የተውሽበት ምክንያት አሳሰበኝ። ከጉባኤ በኋላ ስንቱ ይህንኑ ጠይቆኛል! አብዛኞቹ የዴካርትን ስም እንኳ አልሰሙም።

እስቲ ገላትያ 5ን ክፈቺ። «የሥጋ ሥራ» ከተባሉት ውስጥ ዝሙትና ስካር አሉ። ጥል፣ ቁጣና ምቀኝነትም አብረው ተቆጥረዋል። ምቀኝነት የትኛው አጥንት ውስጥ ነው ያለው? ሰይጣን እኮ ሥጋ የለውም፤ የወደቀው በትዕቢት ነው። ሐዋርያው እዚያ ላይ «ሥጋ» ያለው ከእግዚአብሔር የራቀውን ፈቃድ ነው። ሥጋችሁ የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው ያለውም እርሱ ራሱ ነው።

ዴካርትንም ቢሆን ያፋጠጠችው ሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1643 የቦሄሚያዋ ልዕልት ኤልሳቤጥ ግዙፍ ያልሆነች ነፍስ ሥጋን እንዴት ታንቀሳቅሳለች ብላ ጻፈችለት። መልሱ አላረካትም። እሱ መገናኛቸው አንጎል ውስጥ ያለች ትንሽ እጢ ናት ብሎ ነበር። መጀመሪያ ባዕድ አድርጎ ለያያቸው፤ ከዚያ ድልድይ ፍለጋ ገባ።

የእኛ ሊቃውንት ሰው ከሰባት ባሕርያት ተፈጠረ ይላሉ። መሬት፣ ውኃ፣ ነፋስና እሳት የሥጋ ናቸው፤ ለባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት (ማሰብ፣ መናገርና ሕያው መሆን) የነፍስ። ሰባቱ ግን አንድ ሰው ናቸው። የእስክንድርያው ቅዱስ ቄርሎስ በክርስቶስ የሆነውን የመለኮትና የትስብእት (የሰው ባሕርይ) ተዋሕዶ ሲያስረዳ ምሳሌ ያደረገው ይህንኑ የነፍስና የሥጋ አንድነት ነው። ምሳሌውን ከሰነጠቅሽው ተዋሕዶን በምን ታስረጃለሽ? ደግሞስ ሥጋ እስር ቤት ከሆነ፣ ያመለጠች ነፍስ በትንሣኤ ሙታን ለምን ትመለሳለች?

አዎ፣ እግዚአብሔር ልብን ያያል። ግን አጥፍተሽ ይቅርታ ስትጠይቂ አንገትሽ ማን አዝዞት ነው የሚደፋው? ልብሽ አፍሮ አንገትሽ ቀና ቢል ያስቀየምሽው ሰውስ ያምንሻል?

ስግደቱን ዛሬ ማታ በሦስት ጀምሪ። ቁጥሩን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ። ወገብሽን የሚያምሽ ከሆነ ንገሪያቸው፤ እሱም ያንቺው ወገብ ነው።