110 ፒኤስአይ ያነበበ ሞተር አልቋል ማለት ነው?

ጥያቄው ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። አንባቢያችን የሲጂ 125 ዓይነት ሞተር ያለው ያገለገለ የቻይና ሞተር ሳይክል ገዝተዋል። ጠዋት ጠዋት ለማስነሳት ያስቸግራል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ልል ነው፤ በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ ግማሽ ሊትር ያህል ዘይት ይጨምሩበታል። የወሰዱበት ጋራዥ ኮምፕሬሽኑን (ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጥረውን ግፊት) ለክቶ 110 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) አገኘና «መሆን ያለበት 170 ነው፤ ሞተሩ አልቋል፤ ሬክቲፊካ መግባት አለበት» አላቸው፤ ሬክቲፊካ ሲሊንደሩ ተፍቆ የሚሰፋበት ሥራ ነው። ገንዘቡን ላውጣ ወይስ ልተወው ነው ጥያቄያቸው።

በዚህ አንድ ቁጥር ብቻ ሞተር እንዳያስፈቱ። መጀመሪያ 170 የሚለው ቁጥር ለአዲስ አበባ አይሠራም። ከተማዋ ከባህር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባህር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ሲሊንደሩ የሚስበው አየር ሲሳሳ፣ ጨምቆ የሚያወጣው ግፊትም በዚያው ልክ ይወርዳል። ባህር ወለል ላይ 170 የሚሰጥ ጤነኛ ሞተር እዚህ 128 አካባቢ ያነባል። የእርስዎ 110 ደግሞ ወደ ባህር ወለል ሲመለስ 147 ገደማ ነው። ደካማ ነው፤ አልሞተም። ሐዋሳ ያለ ሰው የማኑዋሉን ቁጥር በ0.81፣ ድሬዳዋ ያለ ደግሞ በ0.87 ያባዛው።

ሁለተኛው ጥርጣሬዬ መለኪያው ላይ ነው። አብዛኛው ጋራዥ ያለው የመኪና ጌጅ ነው። በ125 ሲሲ ሞተር ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከላዩ የሚቀረው ባዶ ቦታ 15 ሲሲ ተኩል ያህል ብቻ ነው። የጌጁ ጎማ ቱቦ 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 5 ሚሊ ሜትር ውስጠኛ ስፋት ካለው፣ ብቻውን ወደ 8 ሲሲ ይይዛል። አየር መላሿ ትንሿ ቫልቭ ከላይ፣ ጌጁ ሥር ከሆነች ያ ሁሉ ቱቦ የሲሊንደሩ አካል ሆኖ ይቆጠራል፤ ንባቡም ሞተሩ ምንም ሳይጎድለው እጅግ ይወርዳል። ቫልቯ መኖር ያለባት ካንዴላው (ብልጭታ የሚሰጠው) ቀዳዳ ውስጥ በሚገባው ጥርስ ጫፍ ላይ ነው። ጥርሱም 12 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። በእጅ ተጭነው የሚይዙትን ባለ ጎማ ጫፍ ጌጅ ግን አልመክርም፤ እየረገጡ አጥብቆ መያዝ አይቻልም።

ከመለካትዎ በፊት ቫልቮላውን (የሲሊንደሩን አየር ማስገቢያና ጭስ ማውጫ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን) ያስተካክሉ። ይህን ዘሎ የሚለካ ሰው የሚያገኘው ቁጥር ስለ ፋሻው (ፒስተኑን ስለሚከብበው ቀለበት) ምንም አይነግረውም። ሞተሩ አድሮ በቀዘቀዘበት፣ ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ላይ ያለውን፣ ፒስተኑ ጫፍ መድረሱን የሚያሳየውን «ቲ» ምልክት ከመስመሩ ጋር ያግጥሙ። ምልክቱ በአንድ ሙሉ ዑደት ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ ሁለቱንም ሮከሮች (ቫልቮላዎቹን የሚጫኑትን ክንዶች) በጣትዎ ያነቃንቁ፤ ሁለቱም ትንሽ ከላሉ ትክክለኛው ቦታ ነው፤ አንዱ ከጠበቀ ቮላኖውን አንድ ዙር ይጨምሩ። በሮከሩና በቫልቮላው መካከል ያለው የሲጂ 125 ክፍተት ለሁለቱም 0.08 ሚሊ ሜትር ነው። የልክ ብረቷ ስትገባ ቀለል ያለ መጎተት ብቻ ይሰማዎ። የጭስ ማውጫው ቫልቮላ መቀመጫው ውስጥ እየሰመጠ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠፋና ቫልቮላው ሙሉ በሙሉ መዘጋት ያቆማል። ልል ፔዳልና የጠዋት ችግር ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል፤ መፍትሔው ደግሞ አንድ ዳዶ ማላላትና ማጥበቅ ነው።

አሁን ሞተሩን 10 ደቂቃ ነድተው ያሙቁት። በካንዴላው ዙሪያ ያለውን አቧራ በአየር ይንፉ፤ ካለዚያ አሸዋው ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ካንዴላውን ይፍቱ፣ ማብሪያውን ያጥፉ፣ ጌጁን ያስገቡ፣ ቾኩን አየር እንዲያስገባ ይክፈቱ። የነዳጅ እጀታውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዘው ይያዙ፤ ካርቡራተሩ ተዘግቶ ከተለካ አየር ስለማይገባ የሚወጣው ቁጥር ዋጋ የለውም። መርፌው መውጣት እስኪያቆም ከ6 እስከ 8 ጊዜ በኃይል ይርገጡ። የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን አካሄዱንም ይዩ። ጤነኛ ሞተር በመጀመሪያው እርግጫ ግማሹን አልፎ በአራተኛው አካባቢ ይቆማል። ፋሻ የበላው ዝቅ ብሎ ጀምሮ በየእርግጫው ቀስ እያለ ይወጣል። ቫልቮላ የሚያስወጣ ዝቅ ብሎ ይጀምርና እዚያው ይቀራል።

ንባቡ ከ110 ካላለፈ ዘይት ጨምረው ይድገሙት። የመኪና መካኒክ አንድ የሻይ ማንኪያ ይላል፤ ለዚህ ሞተር ግን ይህ ያታልላል፤ 5 ሚሊ ሊትር ዘይት የዚያችን ጠባብ ቦታ አንድ ሦስተኛ ስለሚሞላ ደህናውንም ፋሻ የተበላ ያስመስለዋል። በመርፌ ስሪንጅ 2 ሚሊ ሊትር ብቻ ያንጠባጥቡ፣ ያለ ጌጅ ሁለት ሦስቴ ቀስ ብለው ይርገጡ፣ ከዚያ ይለኩ። ከ10 እስከ 20 ፒኤስአይ ገደማ መጨመር ዘይቱ ራሱ የያዘው ቦታ ውጤት ነው፤ አያስደንግጥዎ። 30 እና ከዚያ በላይ ከዘለለ ፋሻው ወይም ካሚቻው (የሲሊንደሩ ግድግዳ) ነው። ምንም ካልተነቃነቀ ቫልቮላ ወይም የቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ነው።

እርግጠኛ ለመሆን ወደ ጎሚስታ ይሂዱ። የአሮጌ ካንዴላ ሸክላ አስወጥተው በቦታው የጎማ ቫልቭ ያስበይዱ። ፒስተኑን ከላይ እንዳየነው «ቲ» ላይ፣ ሁለቱ ሮከሮች በላሉበት ያቁሙ፤ አምስተኛ ማርሽ ያስገቡና አንድ ሰው የኋላ ፍሬኑን አጥብቆ ይያዝ። አየሩ ፒስተኑን ገፍቶ የኋላ ጎማውን ሊያዞር ስለሚችል እጅዎን ከሰንሰለቱ ያርቁ። ከ3 እስከ 4 ባር ይሙሉና ያዳምጡ። ሹክሹክታው ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫ ቱቦው) ጫፍ ከመጣ የጭስ ቫልቮላ፣ ከካርቡራተሩ አፍ ከመጣ የመሳቢያው፣ ከዘይት መሙያው ቀዳዳ ከመጣ ፋሻው ነው። ከዘይት መሙያው ትንሽ መተንፈስ በአዲስ ሞተርም አለ፤ እጅዎን ሲያስጠጉ በግልጽ የሚነፍስ ከሆነ ነው ችግሩ። ቴስታታው መጋጠሚያ ላይ የሳሙና ውኃ ይቀቡ፤ አረፋ ከነፋ ጓርኒሲዮኑ ነው።

የዘይቱ ነገር ለብቻው ይታያል። ዘይት የምትጠርገው ታችኛዋ ፋሻ ግፊት በመያዝ ሥራ ውስጥ እምብዛም የለችም፤ ስለዚህ ኮምፕሬሽኑ ደህና ሆኖ ዘይት የሚበላ ሞተር ብዙ ነው። እንዲያውም ከተቃጠለው ዘይት የሚጋገረው ካርቦን ቦታውን ስለሚያጠብ ንባቡን ከፍ ያደርገዋል። ጭሱን ይመልከቱ። ከእንጦጦ ቁልቁል ነዳጅ ዘግተው ወርደው መልሰው ሲሰጡ ወይም አድሮ ሲነሳ ብቻ ሰማያዊ የሚያጨስ ከሆነ የቫልቮላ ጎሚኒዎቹ (ዘይት እንዳያልፍ የሚከለክሉት ትንንሽ ጎማዎች) ናቸው፤ ዋጋቸው ከሬክቲፊካ ጋር አይወዳደርም። ዳገት ላይ ጭነት ይዞ ያለማቋረጥ የሚያጨስ ከሆነ ፋሻው ነው። እስከዚያው ዘይቱን በየሁለት ሦስት ቀኑ ይለኩ፤ ይህ ሞተር የሚይዘው 1 ሊትር ገደማ ስለሆነ ግማሹ ሲጎድል ኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) እና ቢዬላው (ፒስተኑን ከዘንጉ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) አደጋ ላይ ናቸው።

ሁሉም ምርመራ ፋሻ ካለ ይፈታ። ሲፈታም ወዲያው ወደ ሬክቲፊካ አይሩጡ። አዲስ ፋሻ ሲሊንደሩ ውስጥ ከተው በፒስተኑ አናት ቀጥ አድርገው ይግፉና በጫፎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ፤ መጀመሪያ ፋሻ በማይደርስበት ታች፣ ቀጥሎ ከላይ አፉ አጠገብ። ላይኛው ከ0.5 ሚሊ ሜትር ካላለፈና ግድግዳው ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ከሌለ ፋሻ መቀየሩ ይበቃል። ካለፈ ግን መጀመሪያ በ0.25 ወይም በ0.50 የሚበልጠውን ፒስተን ይግዙና ፒስተኑን ራሱን ለሠራተኛው ይስጡ፤ ካሚቻው የሚፋቀው በሳጥኑ ላይ በተጻፈው ቁጥር ሳይሆን በእጁ በያዘው ፒስተን ልክ ነው። ከ500 ኪሎ ሜትር ሮዳጅ (አዲሱን ክፍል የማለማመጃ ጉዞ) በኋላ በዚያው ጌጅ ደግመው ይለኩና ቁጥሩን ከነቀኑ ይጻፉት፤ ከዚያ በኋላ ይህን ሞተር የሚያወዳድሩት ከዚያ ቁጥር ጋር ነው።