መልስ፦ የሰፈር ማርሽ ባንድ በክረምት ደጅ ላይ ይጫወት?

ወንድሜ፣ «ተማሪዎቹ የሚያርፉት ሐምሌና ነሐሴ ስለሆነ ፒያሳ አካባቢ በየእሁዱ ከሰዓት ደጅ ላይ ብናቀርብስ?» ነው ያልከው። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ሰዓቱን ግን ቀይረው። በነዚህ ወራት አዲስ አበባ በየወሩ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፣ ብዙ ጊዜ የሚወርደውም ከቀትር በኋላ ነው። ጠዋት 4 ሰዓት ጀምራችሁ 6 ሳይሞላ ጨርሱ።

ድንኳን ካለ ከክብር እንግዳው በፊት ክላርኔትና ሳክስፎኑን አስጠልሉ (እንግዳው ጃንጥላ አያጣም)። የሳክስፎን ክዳኖች ሥር ያለው ቆዳ እርጥበት ከጠጣ በደንብ አይገጥምም፣ አየር ያሾልካል። ትራምፔትና ትሮምቦንን የሚያስቸግራቸው ከዝናቡ ይልቅ ብርዱ ነው። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ድምፁ ይወርዳል፣ ሲሞቅ ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ድምፅ ሳታወጡ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ንፉበት፣ ከዚያ ቃኙ። እንደቀዘቀዘ ተቃኝቶ ከተጀመረ፣ ትንሹ ትራምፔት ቶሎ ሞቆ ሽቅብ ይሄዳል፣ ቱባው ታች ይቀራል፤ ጆሮ ያለው ሰው ሦስተኛው ዜማ ላይ ፊቱን ያጨማድዳል። የኖታውን ወረቀት በልብስ መቆንጠጫ ያዙት።

ለመድረክ መሪያችሁ ወሬ ከፈለጋችሁ አርባ ልጆች አሉላችሁ፦ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም አግኝተው ያስመጧቸው ወላጅ አልባ አርመን የማርሽ ባንድ ተጫዋቾች። የመሯቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በ1923ቱ የንግሥ በዓል የተሰማውን የዚያን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱት ናቸው።

ትልቁን ኮንሰርት ግን ለእንቁጣጣሽ ሰሞን አቆዩት፣ ስለ ቦታውም ወረዳውን ከአሁኑ አናግሩ።