«መብራት ሲሄድ ሰርቨሩ ሰዓቱን ይረሳል»

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። አዳማ ውስጥ በአንድ የንግድ ድርጅት የአይቲ ሠራተኛ ነኝ። ክፍሉም ሠራተኛውም እኔው ነኝ ማለት ይቻላል። አንድ የሊኑክስ ሰርቨር አለን፣ የሂሳብ ፕሮግራሙም ፋይሉም ያለው እሱ ላይ ነው። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሰዓቱ ይጠፋበታል፣ አንዳንዴ ዓመቱ ራሱ ወደ ኋላ ይሄዳል። እኔም ጠዋት ጠዋት ስልኬን እያየሁ በእጄ አስተካክላለሁ። በዚያ ላይ ሥራ አስኪያጁ «ሰዓቱ እንደኛ አቆጣጠር ይሁን» ስላሉ 6 ሰዓት ወደ ኋላ መለስኩት። ከዚያ ወዲህ ሰርቨሩ አፕዴት አላወርድ አለ፣ አንዳንድ ድረ ገጾችም «ሰርተፊኬቱ ልክ አይደለም» ይላሉ። የአሻራ ማሽኑና የካሜራው ሰዓትም አይገናኝም። ሰሞኑን አንድ ልጅ «አርፍደሃል» ተብሎ ደሞዙ ሊቆረጥ ሲል ካሜራው በሰዓቱ ሲገባ አሳየ። ኤንቲፒ የሚባል ነገር አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ከየት ልጀምር?
ሰዓት ጠባቂው፣ ከአዳማ

መልስ፦ ወንድሜ ሰዓት ጠባቂው፣ ከስድስት ሰዓቷ እንጀምር፤ የችግርህ ግማሹ እዚያ ነው ያለው።

ሰርቨርህ ውስጡ «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት» የሚባል ነገር አያውቅም። እሱ የሚቆጥረው ከጃንዋሪ 1፣ 1970 ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች ነው፣ ያውም ዩቲሲ በሚባለው የዓለም የጋራ መለኪያ ሰዓት። አዲስ አበባ የሚለውን የሰዓት ቀጠና ስትመርጥለት፣ ለአንተ ሲያሳይህ ብቻ 3 ሰዓት ይጨምራል። አንተ ግን 6 ሰዓት ወደ ኋላ ስትመልሰው የሚያሳየውን ሳይሆን የሚያምነውን ነው የቀየርክበት። ሰርተፊኬት፣ ማለትም የድረ ገጹን ማንነት የሚያረጋግጠው ሰነድ፣ ደግሞ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ሰዓት አለው። ዛሬ ማለዳ የታደሰ ሰርተፊኬት ሲመጣለት ሰርቨርህ ገና ትናንት ማታ ላይ ስለሆነ «ይሄማ ገና አልጀመረም» ብሎ ይመልሰዋል። አፕዴቱም እንቢ ያለህ በዚሁ ምክንያት ነው፣ የሚወርደው ዝርዝር የተጻፈበት ሰዓት ለሰርቨርህ ወደፊት ነው።

ለሥራ አስኪያጁ የሀበሻ ሰዓት ማሳየት ይቻላል፣ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነው። ግን የሚሠራው ሪፖርቱ ላይ ነው፤ ፕሮግራሙ ሲያትም 6 ቀንሶ ያትም፣ ቀኑንም ወደ እኛ አቆጣጠር ይቀይር። የማሽኑ ሰዓት አይነካ።

ወደ ሥራው። ትዕዛዞቹን እዚህ እንደሚነበቡት ነው የምጽፋቸው፣ አንተ በላቲን ፊደል ትጽፋቸዋለህ።

መጀመሪያ ሰርቨሩን አጥፍተህ ክፈተው። ማዘርቦርዱ ላይ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ አለች፣ አብዛኛውን ጊዜ ሲአር 2032 የምትባለዋ፣ 3 ቮልት። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምትይዘው እሷ ናት። ዓመቱ ወደ ኋላ የሚሄድብህ እሷ ስለሞተች ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ዋጋዋም የሚያሳስብ አይደለም፣ ሰዓት ጠጋኞች ጋ ታገኛታለህ። ብዙ ሰው ይህችን ትቶ ሶፍትዌር ሲጎረጉር ይውላል፣ እኔ ግን መጀመሪያ ባትሪዋን ቀይር እላለሁ። ዩፒኤስ ካላችሁ ደግሞ ሰርቨሩን እሱ ላይ ሰኩት።

ቀጥሎ ቀጠናውን አስተካክል፦ «ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ታይምዞን»፣ ከዚያ «አፍሪካ/አዲስ_አበባ»። እኛ በጋም ክረምትም ሰዓት አንቀያይርም፣ ሁሌም ከዩቲሲ 3 ሰዓት መቅደም ነው፣ በዚህ በኩል ተገላግለናል።

አሁን ኤንቲፒ። ኔትወርክ ላይ ሰዓት መጠያየቂያ ነው፣ ዴቪድ ሚልስ የተባሉ አሜሪካዊ ፕሮፌሰር የጀመሩት፣ የመጀመሪያው ሰነድ በ1985 የወጣ። አሠራሩ ብልህ ነው። ሰርቨርህ «ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ሲልክ የላከበትን ሰዓት ይይዛል፣ ሩቅ ያለው ሰርቨር የደረሰበትንና መልስ የላከበትን ይጽፍለታል፣ መልሱ ሲገባ ደግሞ ያንን ይይዛል። ከእነዚህ ከአራቱ ሰዓቶች መንገዱ የፈጀውን ጊዜ አውጥቶ ለሁለት ያካፍላል፣ ሲሄድም ሲመጣም እኩል ፈጀ ብሎ። መንገዱ እኩል ካልሆነ ትንሽ ይሳሳታል፣ ግን ስህተቱ ከደርሶ መልሱ ግማሽ አይበልጥም። ደርሶ መልሱ 180 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ እንኳ ቢበዛ በ90 ሚሊሰከንድ ብትሳሳት ነው። ለአሻራ ማሽንማ ምን ሊሆን።

ይህን የሚሠሩ ፕሮግራሞች በርከት ያሉ ናቸው፣ አንተ ክሮኒ የሚባለውን ጫን። ኢንተርኔቱ ሄድ መጣ ለሚልበት፣ ማሽኑም ለሚጠፋበት ቦታ ከድሮው ኤንቲፒዲ ይሻላል፣ ሬድ ሃት የተባለው ሊኑክስም ከ8ኛው እትም ጀምሮ ይዞ የቀረው እሱን ነው። ኡቡንቱ በሚባለው ሊኑክስ ላይ ስትጭነው ቀድሞ የነበረውን ሰዓት አስተካካይ፣ ታይምሲንክዲን፣ ራሱ ያስወጣዋል። ሌላ ሲስተም ከሆነ ግን አንተው አረጋግጥ። ሁለት ፕሮግራም አንድ ሰዓት ላይ ከተሻሙ አንዱ ወደፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ሎጉንም አይተህ ምን እንደሆነ አትረዳውም።

ክሮኒ ኮንፍ በሚባለው ፋይል ውስጥ የሚያስፈልጉህ መስመሮች ጥቂት ናቸው። አንደኛው «ፑል» የሚለው ነው፣ ከእሱ ቀጥሎ የኤንቲፒ ፑል፣ ማለትም የብዙ ሰዓት ሰርቨሮች ስብስብ፣ አድራሻ፣ ከአድራሻው ቀጥሎ «አይበርስት» የሚል ቃል፤ ይህች ቃል ሲነሳ ቶሎ ቶሎ እንዲጠይቅ ታደርገዋለች። ምንጮችህ ከአራት አይነሱ። ሁለት ብቻ ሆነው ካልተስማሙ የትኛው እንደዋሸ የሚፈርድ የለም፣ ሦስት ከሆኑ አንዱን ሐሰተኛ ሁለቱ ይረቱታል፣ ከሦስቱ አንዱ ሲጠፋ ግን ተመልሰህ ሁለት ላይ ነህ።

ለአንተ ወሳኟ መስመር «ሜክስቴፕ 1 3» የምትለዋ ናት። ልዩነቱ ከ1 ሰከንድ በላይ ከሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ 3 ማስተካከያዎች ውስጥ በአንዴ ዝለል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ግን አይዘልም፣ ሰዓቱን ትንሽ እያፈጠነ ወይም እያዘገየ ቀስ ብሎ ያቃናዋል። ይህን ገደብ አንሳው የሚልህ ሰው ካለ አትስማው። የሂሳብ ፕሮግራሙ እየሠራ ሰዓቱ በድንገት ወደ ኋላ ቢዘል፣ ኋላ የተቆረጠው ደረሰኝ ፊት የተቆረጠ መስሎ ይመዘገባል፣ ያኔ ኦዲተር ሲመጣ ምን ብለህ ልታስረዳ ነው? እግረ መንገድህን «አርቲሲሲንክ» የምትለው መስመርም መኖሯን እይ፣ የተስተካከለውን ሰዓት ባትሪዋ ወደምትይዘው ሰዓት የምትገለብጠው እሷ ናት።

ሪስታርት አድርገህ ትንሽ ቆይና «ክሮኒሲ ሶርስስ» በል። ዝርዝር ይመጣልሃል። ከአንዱ ምንጭ ፊት የኮከብ ምልክት ካየህ የተመረጠው እሱ ነው፣ ነገሩ አለቀ። ሁሉም ጋ የጥያቄ ምልክት ከሆነ መልስ አልመጣም። «ሪች» የሚለውን ዓምድም ተመልከት። 377 ካለ የመጨረሻዎቹ ስምንት ጥያቄዎች ሁሉም ተመልሰዋል፤ ቁጥሩ በስምንት ቤት ስለሚጻፍ ነው እንጂ 377 ጊዜ ጠየቀ ማለት አይደለም። 0 ላይ ከቆመ ግን ፋየርዎሉን ጠርጥር። ወደ ውጭ የሚወጣው ዩዲፒ፣ ፖርት 123 መከፈት አለበት። አገልግሎት ሰጪው ራሱ የሚዘጋበት ጊዜም አለ፣ ስለዚህ ራውተሩን ከመፍታትህ በፊት ስልክህን ሆትስፖት አድርገህ በዚያ ሞክር።

የአሻራ ማሽኑና ካሜራው ይቀራሉ። እነሱን ወደ ውጭ አትላካቸው፣ ከሰርቨርህ ይጠይቁ። ክሮኒ ፋይል ላይ «አላው» ብለህ የቢሮውን ኔትወርክ ብቻ ጻፍ፣ ለምሳሌ 192.168.1.0/24። ከዚያ በየመሣሪያው ሴቲንግ ውስጥ ኤንቲፒ ሰርቨር በሚለው ቦታ የሰርቨርህን አይፒ ሙላ፣ ቀጠናውንም እዚያው እይ፣ ከፋብሪካ በቻይና ሰዓት ተሞልቶ የሚመጣ ካሜራ አለ። «አላው» ብለህ ለዓለም ሁሉ ግን አትክፈት። በ2013 እና በ2014 የተከፈቱ የኤንቲፒ ሰርቨሮችን መሣሪያ አድርገው ትልልቅ ድረ ገጾችን በትራፊክ ያጥለቀለቁ ነበሩ፣ ትንሽ ጥያቄ በሌላ ሰው አድራሻ ልከው ትልቅ መልስ ወደ እሱ በማስላክ።

የልጁ ጉዳይ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ ያለፈው ወር መዝገብ በእጅ በተሞላ ሰዓት የተሠራ ስለሆነ በእሱ ተመርኩዞ ደሞዝ መቁረጥ ተገቢ አይደለም፣ ይህን ለሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ ንገራቸው።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ ኢንተርኔት ሲጠፋ ለቀናት ነው። የቢሮው ኮምፒውተሮች ዊንዶውስ ሲሆኑ በዶሜይን የተያያዙ ናቸው። ሰዓት ሲዛባ ፓስወርድ ልክ ሆኖ ሳለ አላስገባ ይላል። ያለ ኢንተርኔት መፍትሔ አለ?
ከጎንደር

መልስ፦ ፓስወርዱ የተጣለው ከሰዓቱ ጋር ነው። ዶሜይን፣ ማለትም በአንድ ማዕከል የሚተዳደር የኮምፒውተሮች ስብስብ፣ ውስጥ ከርቤሮስ የሚባለው ማረጋገጫ በኮምፒውተሩና በሰርቨሩ መካከል ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት ካየ ትኬት የሚባለውን የመግቢያ ፈቃድ አይሰጥም፣ የተለመደው ገደብ ይሄ ነው። ልብ በሉ፣ ከዓለም ሰዓት ጋር መስማማታችሁን አይደለም የሚጠይቀው፣ እርስ በርስ መስማማታችሁን ነው። ስለዚህ አንድ ሰርቨር የሁሉም ምንጭ ይሁን። ዊንዶውስ ላይ ይህ ድርሻ የፒዲሲ ኢሙሌተር የሚባለው ዶሜይን ኮንትሮለር ነው፤ እሱ ብቻ ከውጭ ይጠይቅ፣ ሌሎቹ በራሳቸው ይከተሉታል። ሊኑክስም ካላችሁ ክሮኒ ላይ «ሎካል ስትራተም 10» ጨምሩ፣ ውጭው ቢቋረጥም ለውስጥ መልስ መስጠቱን እንዲቀጥል።

ተራ የኮምፒውተር ሰዓት ከሚሊዮን ሰከንድ 20 ቢሳሳት በቀን ወደ 1.7 ሰከንድ ነው። ክሮኒ ደግሞ ኢንተርኔት በነበረበት ጊዜ ማሽኑ ምን ያህል እንደሚፈጥን ተምሮ «ድሪፍት» የሚባል ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል፣ በሚጠፋበት ጊዜ በዚያ ያርማል። ለጥቂት ቀን አትጨነቁ።

ከዚያ በላይ ከሆነ የጂፒኤስ መቀበያ ግዙ። አንቴናው ሰማይ ካየ ሰዓት በነጻ ነው። በየሰከንዱ ምት የሚሰጥ፣ ፒፒኤስ የሚባል መውጫ ያለው ይሁን፣ በዩኤስቢ ብቻ የሚሠራው ይንቀረፈፋል። አዲስ ሲነሳ ደግሞ ትንሽ ታገሱት። የጂፒኤስ ሰዓት ከዩቲሲ በ18 ሰከንድ ይቀድማል፣ ይህን ልዩነት ከሳተላይቱ እስኪሰማ እስከ 12 ደቂቃ ተኩል ሊፈጅ ይችላል።

ጥያቄ፦ ዲሲ አካባቢ ያለን የእድር አባላት ነን። ለአባላቱ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ቨርጂኒያ በሚገኝ ሰርቨር ላይ አለን። በየቀኑ ሌሊት 2:30 ላይ ዝርዝር ያዘጋጃል። በማርች አንድ ቀን ሳያዘጋጅ ቀረ፣ በኖቬምበር ደግሞ ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ መልእክት ሄደ። አቀናባሪው ኤንቲፒ ይበላሻል ይላል። እውነት ነው?
የእድሩ ጸሐፊ

መልስ፦ ጌታው፣ ኤንቲፒ እዚህ ንጹሕ ነው። እሱ የሚያመጣው ዩቲሲን ብቻ ነው፣ በጋና ክረምት የሚባል አያውቅም። ሰርቨሩ በኒውዮርክ ቀጠና ስለተሞላ ነው። በማርች ሁለተኛው እሁድ ሌሊት 2 ሰዓት ሲሆን በአንዴ 3 ይሆናል፣ ስለዚህ 2:30 የሚባል ሰዓት ያን ሌሊት የለም። ያ በማርች የቀረባችሁ ነው። በኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ ደግሞ ከ1 እስከ 2 ያለው ሰዓት ሁለት ጊዜ ይመጣል። 2:30 ላይ ብቻ ቢሆን አይደገምም ነበር፣ ስለዚህ ከ1 እስከ 2 ባለው መሃል የሚሠራ ሌላ ሥራ አላችሁና ፈልጉት።

ሰርቨሩን በዩቲሲ አድርጉት፣ በየቀኑ የሚሠራውንም በዩቲሲ ጻፉ። ያለፈ ነገር፣ ማለትም መዋጮ የተከፈለበት፣ መልእክት የሄደበት፣ በዩቲሲ ይቀመጥ። ወደፊት የሚደረግ ስብሰባ ግን ሌላ ነው። «እሁድ ከሰዓት በኋላ 2 ሰዓት በሲልቨር ስፕሪንግ» ከተባለ እንደተባለው ከቀጠናው ስም ጋር አስቀምጡ፣ ቀኑ ሲደርስ ይሰላል።

አገር ቤት ላሉ ቤተሰቦችም የምትልኩ ከሆነ «7 ሰዓት ደምር» ብሎ በእጅ የጻፈ ካለ አስወጡት። ልዩነቱ በበጋችሁ 7፣ በክረምታችሁ 8 ነው። በዲሲ ከምሽቱ 7 ሰዓት፣ ወሩ ጁላይ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ በማግስቱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ ቀኑ ተቀይሯል፣ የሰዓቱም አጠራር ሌላ ነው። ይህን ለማስላት የቀጠና ስም የሚያውቅ ላይብረሪ ተጠቀሙ፣ መልእክቱ ላይም የሁለቱን አገር ሰዓት ጎን ለጎን ጻፉላቸው።