ሪንጉን ከመዝጋታችሁ በፊት

በቅርቡ አንዲት ወጣት መሐንዲስ ደውላ፣ "ጋሼ፣ የ15 ኪሎቮልት ሪንጋችንን ዘግተን ልናሠራ ነው፤ በሪሌዎቹ መካከል ያለውን የጊዜ ልዩነት 0.3 ሰከንድ ላድርገው ወይስ 0.4?" ብላ ጠየቀችኝ። ሪንግ ከምንጩ ተነስቶ ዞሮ እዚያው የሚመለስ የኬብል ቀለበት ነው፤ መዝጋት ማለት ክፍት የተተወውን ቦታ አገናኝቶ በሁለቱም በኩል ኃይል እንዲያገኝ ማድረግ ነው። ሪሌ ደግሞ ጅረቱ ከልክ ሲያልፍ ማቋረጫውን፣ ማለትም ብሬከሩን፣ ክፈት ብሎ የሚያዝ መሣሪያ ነው፤ ለብልሽቱ የቀረበው ቀድሞ እንዲከፍት በመካከላቸው የጊዜ ልዩነት ይሰጣል። ዲስኩ የሚዞር የድሮ ሪሌ ከሆነ 0.4፣ ዲጂታል ከሆነ 0.3 ይበቃል አልኳት። ብሬከሩ ለመክፈት የሚፈጅበት ጊዜ፣ የሪሌውና ጅረቱን አሳንሶ ለሪሌው የሚያቀብለው የሲቲው ስሕተት፣ ትንሽም መጠባበቂያ ሲደመር ነው እዚያ የሚደርሰው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጥያቄዋ አንድ ሰው አስታወሰኝ።

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ የተቀጠርኩት አንድ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነበር። የፋብሪካው 15 ኪሎቮልት ኬብል ከዋናው ስዊችጊር፣ ማለትም ከኃይል ማከፋፈያው፣ ተነስቶ ፈትልን፣ ሽመናን፣ ማቅለሚያንና ቦይለር ቤትን አዳርሶ ተመልሶ እዚያው ይገባል። በሽመናና በማቅለሚያ መካከል ግን ሁልጊዜ ክፍት ነበር። ሪሌዎቹም የተሞሉት በዚያ መሠረት ነው፤ ከዋናው የሚወጡት ሁለቱ 0.7 ሰከንድ፣ ከፈትል ወደ ሽመናና ከቦይለር ወደ ማቅለሚያ የሚወጡት 0.3።

ሪሌዎቹን የሚጠብቃቸው ሁላችንም ጋሼ የምንለው ቴክኒሻን ነበር። መስታወቱን ከፍቶ ዲስኩን በጣቱ ጫፍ ገፋ ያደርግና እስኪመለስ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል። ትንሽ ከተንቀራፈፈ ያጸዳዋል። የእያንዳንዱን ሪሌ ሴቲንግ፣ የተሞላበትን ልክ፣ በባለካሬ ደብተር በእርሳስ ይጽፍ ነበር፤ ቀኑን፣ ለምን እንደተቀየረም ጭምር። ሻይ እንኳ ሲጠጣ ያ ደብተር ከብብቱ አይለይም።

አመራሩ ሽመና ቤት በየጊዜው መቆሙ አንገሸገሸውና ሪንጉ እንዲዘጋ ወሰነ። ጋሼ ደብዳቤ ጻፈ። አቅጣጫ የሚለይ ሪሌና በየቤቱ ብሬከር ሳይገዛ አይዘጋ የሚል ነበር። ደብዳቤው ፋይል ውስጥ ገባ፤ ሪንጉም ተዘጋ።

ክረምት ላይ ከዋናው ወደ ፈትል በሚሄደው ኬብል መጋጠሚያ፣ ጆይንቱ ውስጥ፣ ውኃ ገባና ሌሊት ሾርት ሆነ። ሪንጉ ዝግ ስለሆነ ጅረቱ በአንድ በኩል በቀጥታ፣ በሌላ በኩል በቦይለር፣ በማቅለሚያና በሽመና ዞሮ ወደ ጆይንቱ ሮጠ። 0.3 ላይ የተሞሉት ሁለቱ ሪሌዎች ጅረቱ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ አይለዩም፤ መጠኑን ብቻ ያያሉ። ሁለቱም እኩል ትሪፕ አደረጉ፤ ብሬከራቸውን ከፈቱ። ከዋናው ወደ ፈትል የሚወጣው የወደቀው ከእነሱ በኋላ ነው። የተበላሸው አንድ ኬብል ሆኖ ሳለ ፈትል፣ ሽመናና ማቅለሚያ ጨለሙ፤ መብራት የቀረለት ቦይለር ቤት ብቻ ነበር። የፈትል ማሽን እንዲያ በድንገት ሲቆም ክሩ ይበጣጠሳል። ሴቶቹ አንድ በአንድ ሲቀጥሉ ነጋ።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። "የባለሙያ ቸልተኝነት" ተብሎ ተጻፈ፤ ጋሼም ከደመወዙ ተቀጣ። ሪሌዎቹ የታዘዙትን በትክክል ነው የፈጸሙት። ጥፋቱ የእሱ እንዳልነበረ ልቤ ያውቅ ነበር፤ ኮሚቴው ፊት ዘርግቼ የማሳየው ስሌት ግን በእጄ አልነበረም። ጋሼ አልተከራከረም። ጡረታ ሲወጣ ደብተሩም አብሮት ወጣ፤ ከዚያ በኋላ የዚያን ፋብሪካ ሴቲንግ በሙሉ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ዛሬ በሕይወት የለም። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

የዛሬ ወጣቶች ኢታፕ በሚባለው የኃይል መረብ ማስሊያ ሶፍትዌር ላይ የሪሌውን የጊዜ ከርቭ አሳምራችሁ ትስላላችሁ፤ ፓኔሉን ከፍቶ ማየት ግን ይከብዳችኋል። ሥዕሉ ላይ 200/5 የተባለው፣ 200 አምፔሩን ወደ 5 የሚያወርደው ሲቲ፣ ሄዳችሁ ስታዩት 300/5 ሆኖ ይገኛል፤ ያን ጊዜ ያ ሁሉ ከርቭ ዋጋ የለውም። ስክሪን ላይ ተቀምጦ ፕሮቴክሽን አይሠራም እላለሁ። መልሼ ሳስበው ደግሞ፣ ያኔ ያ ሶፍትዌር በእጃችን ቢኖር ጅረቱ በሁለቱም በኩል ስንት እንደሆነ በአንድ ገጽ አሳይቼ ያን ሰው ከቅጣት አድነው ነበር። ስለዚህ አጥብቃችሁ ተማሩት።

አሁን አቅጣጫ በሚለይ ሪሌ ሪንግ የምትዘጉ ከሆነ፣ ምንጩ አንድ ሲሆን፣ መጀመሪያ ቀለበቱን ምንጩ ላይ እንደቆረጣችሁት ቆጥራችሁ በአንድ አቅጣጫ ጊዜውን ደርድሩ፤ ከዚያ በተቃራኒው ድገሙት። የእኛን ዓይነት አራት ቤት ያለው ሪንግ አምስት ኬብል ስላለው፣ በየአቅጣጫው በ0.4 ልዩነት 0.1፣ 0.5፣ 0.9፣ 1.3፣ 1.7 ሰከንድ ይመጣል። ጅረቱ እጅግ የሚከብደው ምንጩ አጠገብ ሲሆን፣ ረጅሙን ጊዜ የሚጠብቀውም እዚያ ያለው ሪሌ ነው። ኬብላችሁ ያን ያህል ሙቀት የማይችል ከሆነ ጊዜ መደርደሩን ትታችሁ የኬብሉን የሁለት ጫፍ ጅረት እያወዳደረ በፋይበር የሚነጋገር ዲፈረንሻል ሪሌ ጠይቁ፤ ውድ ነው ቢሏችሁም ከመጠየቅ አትቦዝኑ።

አቅጣጫ ለዪው ሪሌ ቮልቴጅ ይፈልጋል፤ ቮልቴጁን አሳንሶ የሚሰጠው የፒቲው ፊውዝ ከተቃጠለ አቅጣጫውን ማወቂያ የለውም። የሲቲው ሁለት ጫፎች፣ ፒ1 እና ፒ2፣ ተገላብጦ ከታሰረ ደግሞ ፊቱን አዙሮ ነው የሚያየው። ይህንን ወረቀት አይነግራችሁም። ሎድ ተሸክሞ እያለ የጅረቱንና የቮልቴጁን አንግል ሪሌው ላይ አንብቡ፤ ኃይሉ በእርግጥ ወደየት እየሄደ እንደሆነ ከኦፕሬተሩ ጠይቃችሁ አስተያዩ፤ ያነበባችሁትንም ከነቀኑ ጽፋችሁ አንዱን ቅጂ ፓኔሉ በር ውስጥ፣ ሌላውን ቢሮ አስቀምጡ።